ታፋው ላይ የነበረው ነጭ

የከብት ጠጉር የሚነቀለው ከነሥሩ ነው። ተቆርጦ የመጣ ጠጉር ገለባ ነው፣ ምንም አይነግርህም፤ የሚነግርህ ጫፉ ላይ ያለችው፣ ከቅማል እንቁላል የማትበልጠው ነጭ ሥር ናት። ከጅራቱ ሃያ ሠላሳውን በጣትህ ጠቅልለህ በአንድ ጊዜ መንጨቅ ነው። ቀስ እላለሁ ካልክ ላሟም ትራገጣለች፣ ጠጉሩም ይበጠሳል። ከዚያ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ትከተዋለህ እንጂ ላስቲክ ውስጥ አይደለም፤ ላስቲክ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ይህን ሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ዓለም ደህና አድርጌ የማውቀው ነገር ቢኖር ይሄው ነው፤ ብመጻደቅ ይቅር በሉኝ፣ ሌላ የምመጻደቅበት የለኝም።

ዶክተር አይደለሁም። ከሱዳን ድንበር ወዲያ፣ በእኛ ቆላ፣ አንድ የከብት ምርምር ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሺያን ነበርኩ፤ ላም እለካለሁ፣ ወተት እመዝናለሁ፣ ጠጉርና ደም ሰብስቤ ወደ ላብራቶሪ እልካለሁ። ላብራቶሪው ዘረመሉን ያነባል። ገበሬው «ጠጉር ምን ይሠራላችኋል?» ሲለኝ እንዲህ ነበር የማስረዳው፦ የሁለት ላሞች ዘረመል ጎን ለጎን ቢነበብ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አንዲት ፊደል፣ እዚያ አንዲት ፊደል ነው። በእነዚያ ፊደሎች ግን የአንዷ ወተት ቅባቱ ይበዛል፣ አንዷን መዥገር አይደፍራትም፣ አንዷ ሐሩሩ ሲከር መኖዋን አታቋርጥም። አንዲት ፊደል ብቻዋን ላምን ወተታም አታደርግም፤ ብዙ ሺህ ሆነው ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ። ኮርማ ደግሞ አይታለብም፤ የእናቱን ወተት ግን ተሸክሞ ይዞራል፣ ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ላም በዓመት ብትሠምር አንድ ትወልዳለች፣ ኮርማ ግን በረቱን በሙሉ ይለውጣል እል ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ የሰው ቤት ያፈረስኩት በዚሁ ቃል ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ጣቢያው ተዘረፈ። ከብቶቹ ተነድተው ሄዱ፣ የሰበሰብኳቸው ፖስታዎች ግቢው ውስጥ ተበትነው በእግር ተረገጡ። ማን እንደዘረፈ አልናገርም፤ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። እኔ ድንበሩን ወደ ሱዳን ተሻግሬ፣ መንደር 8 በሚሉት የስደተኛ መቀበያ አልፌ፣ ቱነይድባ መጠለያ ገባሁ። ካርዴን ይዤ ለራሽን ስሰለፍ፣ ከፊቴ ያለችው ከኋላዬ ካለችው ጋር በትግርኛ በትከሻዬ ላይ ስታወራ ሳዳምጥ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን «ኧረ ይበቃኛል» ብዬ ገዳሪፍ ወጣሁና ከከብት ገበያው አጠገብ፣ በአንድ የሣር ዳስ ሥር ሻይ መሸጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ የሱዳኖቹ ጦርነት ፈነዳ። «ይሄ ነገር እኔን ፈልጎ ነው እንዴ የሚዞረው?» አልኩ። ሻይ ጠጪዎቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ሐጂን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ገና በጉርምስና መጥተው ገዳሪፍ ቀሩ። ሱቅ ነበራቸው፣ ሱቁን ትተው ላም ያዙ። ጠዋት ጠዋት በአህያ ጋሪ ወተት እያከፋፈሉ ሲያልፉ ለሻዬ ከእሳቸው እገዛ ነበር። አንድ ቀን ወተቱን ስቀዳ ክር ክር የሚል ነገር አየሁበት።

«ሐጂ፣ ካንቱ ላሞች የአንዷ ጡት ታሟል» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ወተቱ።»

«ወላሂ! ወተትም አፍ አወጣ?» ብለው ሳቁና አህያቸውን ነዱ። በማግስቱ ግን ጋሪያቸውን አቁመው መጡ። የአንደኛዋ ላም የኋላ ግራ ጡት ጠጥሮ አግኝተውታል።

«ተነሽ፣ ዶክቶራ። ዘሪባዬን እይልኝ» አሉ።

ዘሪባ የሚሉት በእሾህ የታጠረ በረት ነው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከተማው አልቆ የማሽላው እርሻ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ሦስት ላሞች፣ አንዲት ጊደርና አንድ ጥጃ ነበሩበት። ከላሞቹ አንዷን ሳያት እግሬ ቆመ። ቀይ ናት፤ ቡጣና የሚሉት የዚህ አገር ዘር ነው። ጀርባዋ ረጅም፣ ጡቷ ከሆዷ ጋር በሰፊው የተያያዘ፣ የወተት ሥሯ ከቆዳዋ በታች ተጥመልምሎ የሚታይ። በስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለች ላም ያየሁት ሁለቴ ቢሆን ነው። «ጠዋት አንድ ባልዲ ሞልታ ማታ ትደግመዋለች» አሉ ሐጂ። ጊደሯም ጥጃውም የእሷ ናቸው አሉኝ፤ ጊደሯ የቀደመ ልጇ፣ ጥጃው የመጨረሻዋ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ሐጂ ጥጃውን በአንገቱ ይዘው ወደ እኔ አዞሩት።

«ይሄ ሲወለድ ታፋው ላይ ነጭ ነበረው። መዳፌን አሳርፌበት ነበር፣ ልክ መዳፌን ያህላል። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሞቶ ለለቅሶ ከሰላ ከተማ ሄድኩ፣ እዚያው ወባ ጣለኝ፣ አርባ ቀን ከርሜ ስመለስ ነጩ የለም። ተምሬያለሁ ካልሽ ንገሪኝ እስቲ፣ የት ሄደ?»

እኔ ያን ቀን ሥራ ፈላጊ ነኝ። «አላውቅም» የሚል ሰው ማን ይቀጥራል? አፌ ቀደመኝ።

«ጠጉሩን ሲቀይር ጠፍቶ ነዋ! የከናና ዘር ጥጆች ቀላ ብለው ተወልደው ሲያድጉ ግራጫ ይሆኑ የለ?»

የከናናው እውነት ነው፣ ሐጂም ያውቁታል፤ ስለዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸው ሐጃ ባልዲ ይዘው አጠገባችን ቆመው ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ዝንብ የገባባቸው መስሎኝ ነበር። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እዚያ ኖርኩ። እንደ ልጃቸው አደረጉኝ ብል ማጋነን አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ወተት አልቀምስም ስል ሐጂ «ዛሬም ላሞቼን ተቀየምሻቸው?» ይሉኛል፤ በረመዳን እኔ ደግሞ «አንቱም ደረሰዎት!» እላቸዋለሁ። ቤቱ ከካርቱም በሸሹ የሐጃ ዘመዶች ጢም ብሎ ነበር፤ እህታቸው ከነልጆቿ፣ የእህታቸው አማች፣ አንድ ሽማግሌ ማን እንደሆኑ እስካሁን ያልገባኝ። ይህ ሁሉ ሰው በሦስት ላሞች ጡት ያድር ነበር። ከሦስቱም ግማሹን የምትሰጠው ቀይዋ ናት።

ቀይዋ ግን አረጀች። ከዚያ ጥጃ ወዲህ አልያዘችም። ኮርማ ወጣባት፣ አልያዘችም፤ እጄን አግብቼ ማሕፀኗን መረመርኩ፣ ከዚህ በኋላ እንደማትወልድ ገባኝና ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂ ወደ ወይፈኑ አዩ፤ ያ ጥጃ አሁን ወይፈን ሆኗል፣ ሰፊ ደረት፣ ገራም።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። «እናቱ ብታልቅ እሱ አለ። ከእሱ የሚወለዱት ሁሉ የቀይዋ የልጅ ልጆች ናቸው። እኔም አርጅቻለሁ፣ ዶክቶራ። ይችን ላም ከአያቷ ጀምሬ ነው ያሳደግኳት። እኔ ስሞት ይሄ ሰው ሁሉ የሚበላው በዚህ ወይፈን ወገብ ላይ ነው ያለው።»

ነገሩ ሁሉ ይሄ ነበር። ሐጂ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም፤ የቀይዋ ወተት ከቀይዋ ጋር እንዳይቀበር ብቻ።

እኔም ልቤ ተነሣሣ። የድሮ አለቃዬ አሁን ውጭ አገር የከብት ዘረመል ያጠናል። ጻፍኩለት፤ «ጠጉር ላኪ፣ ከእኛ ናሙና ጋር አስነብበዋለሁ» አለኝ። ያን ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ! ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ሥራ በእጄ ሠራሁት። ከቀይዋ፣ ከጊደሯ፣ ከወይፈኑ፣ ከየጅራታቸው ነጨቅሁ። ፖስታ ከደብተር ወረቀት አጠፍኩ፣ በየላያቸው ጻፍኩ፦ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ። ሐጃ ከበሩ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«በዚህ ጠጉር ምን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ሁሉንም፣ ሐጃ። ከእናቱ ምን እንደወረሰ አንድ በአንድ።»

«ሱብሐነላህ» ብለው ገቡ። ፖስታዎቹን ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄድ ነጋዴ ወሰዳቸው፣ ከዚያ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ተቀበለው።

መልስ ሳይመጣ በጋው ገባ። በዚያ ዓመት የገዳሪፍ መኖ እሳት ሆነ፤ አምባዝ የሚሉት የሰሊጥ ፋጉሎ እንኳን ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ሐጂ አንድ ከብት መሸጥ ግድ ሆነባቸው። ሁለቱ ላሞች ይታለባሉ፣ አይነኩም። ቀይዋ ብትደርቅም ቀይዋ ናት። የቀሩት ጊደሯና ወይፈኑ ናቸው፤ ሁለቱም ይበላሉ፣ ሁለቱም ገና አይሰጡም።

ሐጂ ማታ ከሻይ በኋላ ጠሩኝ። «አንቺ በዩ። ማንን ልሽጥ?»

ሳላቅማማ መለስኩ። ያንን የጣቢያውን ቃል፣ ለስምንት ዓመት ለገበሬ ሁሉ ያልኩትን ቃል፣ እንደ ዳዊት ደገምኩት። «ጊደሯን ይሽጡ። ጊደር ብትሠምር በዓመት አንድ ናት። ወይፈኑ ግን የእናቱን ዘር በአንድ ዓመት በረቱን ሁሉ ያለብሰዋል።» ትክክል ነበርኩ ደግሞ! አሁንም ቢጠይቁኝ እንዲያው በደፈናው ትክክሉ ያ ነው። ሐጃ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ቆመው ነበር፤ አንዱ ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ። «ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ፣ ይቅርታ» እያሉ ስብርባሪውን ለቀሙ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰምሳሩ፣ የከብት ደላላው፣ ጊደሯን ወስዶ ለቄራ ሸጣት።

መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኔትወርክ ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር፤ አንድ ሱቅ የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት ያከራያል፣ ከሰዎች ጋር ተጠጋግቼ አፈር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። አለቃዬ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

«ጠጉሮቹ ደርሰው ተነበቡ። ጊደሯ የላሟ ልጅ ናት። ወይፈኑ ግን ልጇ አይደለም። ፖስታ አሳስተሽ ይሆን? የወተቱን ግምት ብዙ አትተማመኚበት፣ ከእኛ ከብት እስካሁን የተለካው ትንሽ ነው። የእናትና የልጅ ነገር ግን አይዋሽም። ደግሞ ጊደሯ ከእናቷ ጥሩ ጥሩውን መርጣ ነው የወሰደችው፤ እንዳታመልጣችሁ።»

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ ነው። እኔ ፖስታ ላሳስት? እኔ? እዚያው ተቀምጬ ነገሩን በጣቴ ቆጠርኩት። ጥጃ በዘረመሉ በያንዳንዱ ቦታ ሁለት ፊደል አለው፤ አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ። እናቲቱ በአንድ ቦታ ሁለቱም ፊደሏ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ልጅ ተብዬው ደግሞ ያንን ፊደል ጨርሶ ከሌለው፣ አልወለደችውም። አንድ ሁለት ቦታ ቢሆን የንባብ ስሕተት ነው ይባላል። አብሮ በላከው ሠንጠረዥ ላይ ግን በመቶ በሚቆጠር ቦታ አልገጠመም። ፖስታም አልተቀያየረም፤ ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት ተብለው ነው የተነበቡት፣ ጊደሯም ከእናቷ ጋር ልክክ ብላለች።

ሐጂ ለዙህር ሰላት መስጊድ ነበሩ። ሐጃን ወጥ ቤት አገኘኋቸው። «ሐጃ፣ ወይፈኑ የቀይዋ ልጅ አይደለም» አልኳቸው። ሌላ መግቢያ አልፈለግኩለትም።

አልደነገጡም። እጃቸውን ታጠቡ፣ በርጩማ ላይ ወጥተው ከጣሪያው ማገር ሥር አንድ የደረቀ ነገር አወረዱ። የጥጃ ቆዳ ነው። አራቱም ጫፉ ላይ ገመድ ታስሮበታል። ዘረጉት። ታፋው ላይ የመዳፍ ያህል ነጭ አለ።

«ልጇ ይሄ ነው» አሉ ሐጃ። «እሳቸው ከሰላ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ጣለው፣ ሞተ። ቀይዋ ወተቷን ያዘች፣ ጠብታ እምቢ አለች። እህቴ ከነልጆቿ የገባችው በዚያው ሳምንት ነው። ሕፃኖቹ ሲያለቅሱ፣ እኔ ምን ላድርግ? ተፈናቃዮች ከብቶቻቸውን እየነዱ በደጃችን ሲያልፉ አንዲት ላማቸው ወልዳ ሞተችባቸው። ጥጃውን ‘ከእኛ ጋር አይደርስም፣ ውሰጅው’ አሉኝ። እሱም ቀይ ነበር። ያንን ቆዳ ገፍፌ፣ በጨው ውኃ አሽቼ፣ ጀርባው ላይ አሰርኩለት። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። ቀይዋ አሸተተችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ላሰችው። ወተቷ ወረደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆዳውን ብፈታውም አልተወችውም።»

ይህን ልማድ እኔ አላውቀውም? የእኛም አገር ሰው ያደርገዋል! ጣቢያችን ውስጥ ቅጽ ነበረን፣ ከጥያቄዎቹ አንዷ «ጥጃው የሌላ ላም ጡት ጠብቶ ያደገ ነው ወይ?» የምትል ነበረች፣ ልክ ለዚሁ። ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ገበሬ የለም። ሐጂን ግን አልጠየቅኳቸውም። እንጀራቸውን እየበላሁ፣ የሚወዱትን ጥጃ «የማን ነው?» ማለት ነውር መስሎኝ።

ደሜ ፈላ። «ጊደሯ ስትሸጥ ቆመው አልነበረም? ያኔ ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

ሐጃ አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። «ልናገር ነበር፣ ልጄ። መጀመሪያ በመጣሽበት ቀን። ‘ነጩ የት ሄደ?’ ሲሉ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ። የተማረች ሰው ‘ጠጉር ሲቀይር ይጠፋል’ ስትል፣ አላህ ሸፈነልኝ አልኩ። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ እንዴት ይገለጣል? በየቀኑ ከበደኝ።»

ዝንብ አልነበረም፣ ለካ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ጥጃ ይዞት የተወለደው ነጭ ጠጉር ሲቀይር አይጠፋም። እስኪሞት አብሮት ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ያን ቀንም አውቅ ነበር። የከናናው ሌላ ነገር ነው፣ የነጩ ሌላ። ዝም ብዬ ሥራ ፈልጌ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔው በጊደር ደምም አልታሸ።

ሐጃ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «አትንገሪያቸው። በዚህ ወይፈን ነው ያሉት» አሉኝ። አልነገርኩም። ዘጠኝ ቀን አልነገርኩም። ሐጂ በየጠዋቱ ወይፈኑን እያሻሹ «መልስ አልመጣም?» ይሉኛል፣ እኔ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት ተረት፣ እኛ ቤት በምድር ላይ ቆሞ ፋጉሎ ይበላ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሐጂ በማለዳ ተነሥተው ቀይዋን በእጃቸው አጠቧት። ቀንዷን ሳይቀር አጠቡት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ከዐስር ሰላት በኋላ ሰምሳሩ ይመጣል» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ወይፈኑ እስከ ኸሪፍ፣ እስከ ዝናቡ፣ መኖ ያስፈልገዋል። ኮርማ ሊሆን በደረሰበት ሰዓት ልናስርበው ነው? እሷ አረጀች። ሥሯ በእሱ ተርፏል። እሷም ብትጠየቅ ለልጇ እምቢ አትልም።»

ቀይዋ ለዚያ ባዕድ ልትታረድ ነው። መናገር አለብኝ አልኩ፤ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ያ ሳይጠሩት የሚቀድም አፍ፣ በሚፈለግበት ቀን ተሸበበ። ቀኑን ሙሉ ዘሪባውን ስጠርግ ዋልኩ። የተጠረገውን እንደገና ጠረግኩት።

ከዐስር ሰላት በኋላ ሐጂ የቀይዋን ገመድ ይዘው ዘሪባው ውስጥ ባለው ዳስ ሥር ቆሙ። ሰምሳሩ በበሩ በኩል ድምፅ አሰማ። በዚህ ጊዜ ሐጃ ከቤት ወጡ። እኔን አላዩኝም። ቆዳውን ሐጂ እግር ሥር ዘረጉትና ራሳቸውን ሸፍነው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሐጂ መጀመሪያ አልገባቸውም። ገመዶቹን አዩ። ከዚያ ነጩን አዩ። ገመዱን ለቀው በርከክ አሉና መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቆዳው ደርቆ ትንሽ ተኮማትሯል፣ ጣታቸው ወጣ ወጣ አለ። ማንም ሳይናገር ሁሉንም ተረዱት፤ የከብት ሰው ናቸው፣ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ወደ ሚስታቸው አልዞሩም። ወደ እኔ ነው ቀና ያሉት።

«ጠጉሩን ሲቀይር ይጠፋል አላልሽኝም ነበር?»

«ብዬዎታለሁ፣ ሐጂ።»

«ጊደሯስ?»

«ልጇ ናት። ነበረች።»

መዳፋቸውን ከነጩ ላይ አነሡ። ቢሰድቡኝ፣ በዱላቸው ቢመቱኝ፣ ምንኛ በወደድኩ! ሰምሳሩ ደግሞ ጠራ። ሐጂ መሬቱን ተደግፈው ተነሡ፣ በእጃቸው ወደ ወይፈኑ አመለከቱ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ እሱን ውሰደው» አሉት። ገራም ስለሆነ ሳይታገል ወጣለት።

በሩ ሲዘጋ ቀይዋ ጮኸች። የተለመደ ድምፅ አይደለም፤ ጥጃዋን የምትጠራበት ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ያልሰማሁት። አጥሩን እየታከከች ዞረች፣ እሾሁ ደረቷን አደማው፣ ደግማ ጮኸች። ሰዓት ሙሉ አላቋረጠችም። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠው ነበር።

«ዶክቶራ፣ በአላህ ዝም አሰኚልኝ» አሉኝ።

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ቆዳውን ከመሬት አነሣሁት። በጨው ውኃ አራስኩት፣ ሐጃ እንዳደረጉት፣ የሐጃ እናት እንዳደረጉት። ወደ አጥሩ ሄጄ ከአፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። የወለደችው ልጇ ነው፣ ከፊደሎቹ ግማሹ ከእሷ የሆነ።

አንዴ አሸተተችው። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ጮኸች።